ስማችንን ጻፉ፦ ስለ አቀናባሪና ስለ ድምፅ ባለሙያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦
ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን
ለሙዚቃው ዘርፍ የጋራ አስተዳደር ማኅበር
ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
ለኤፍኤም ጣቢያዎች የሙዚቃ ክፍል ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በአየር ላይ የሚውል ሙዚቃ የሠሪዎቹ ሁሉ ስም ተመዝግቦ እንዲያዝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

እንደ ወጉ ቢሆን ይሄ ደብዳቤ ቁጥርና ማኅተም ያስፈልገው ነበር። የለውም። ድርጅት አይደለሁም። ከተከራየሁት ቤት አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አድርጌ ሙዚቃ የማቀናብር ሰው ነኝ። የሰው ዘፈን አቀናብራለሁ፣ ሚክስ አደርጋለሁ (የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኜ አዋህዳለሁ)፣ የራሴንም በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራ አወጣለሁ። ጊዜ ሳገኝ ደግሞ መቅረጫ ይዤ እዞራለሁ። የገበያውን፣ የታክሲ ተራውን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እቀዳለሁ። ከዚያ ለቲያትር፣ ለዘጋቢ ፊልም ወይም ለኤግዚቢሽን የሚሆን የድምፅ ሥራ እሠራበታለሁ። የቤት ኪራዬን የሚከፍለው ግን ከሁሉም በላይ የማስታወቂያ ጂንግል ነው። እውነቱን ለመናገር የሳሙና ጂንግል ከጃዝ ይሻላል፤ ቶሎ ይከፍላል።

የምጠይቀውን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ። ጣቢያዎች ሙዚቃ ባሰሙ ቁጥር የሠሩትን ሰዎች ስም የሚይዝ መዝገብ ይኑራቸው። የድምፃዊው ስም ብቻ አይበቃም። የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪው፣ መሣሪያ የተጫወቱት ሰዎች፣ ሚክስና ማስተር (የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ) ያደረገው ሰው ስም አብሮ ይያዝ። መዝገቡም የባለመብቶችን ክፍያ ሰብስቦ ለሚያከፋፍለው ለጋራ አስተዳደር ማኅበሩ በየጊዜው ይድረስ። በቃ፣ ይኼው ነው። ስለ ገንዘብ መጠን፣ ስለ ታሪፍ፣ ስለ መቶኛ ዛሬ አልከራከርም። እሱን ክርክር የሚያውቁበት ሰዎች አሉ። እኔ የምለው ስሙ ያልተጻፈ ሰው የሚከፈለው ገንዘብ ቢኖር እንኳ አይደርሰውም ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዱን ጣቢያ ከፍታችሁ አዳምጡ። ዘፈን ይሰማል፣ ያልቃል። «የእገሌ ሥራ ነበር» ይባላል። እገሌ ማለት ድምፃዊው ነው። ብዙ ጊዜ እሱም አይባል፤ ሙዚቃው ሳያልቅ ማስታወቂያ ይገባበታል። ከዚያ የስፖርት ሰዓት ይደርሳል። ያው ጣቢያ ስለ አርሰናል ሲያወራ አሥራ አንዱን ተጫዋች፣ ተቀያሪውን በረኛ፣ ረዳት አሰልጣኙን፣ ዳኛውን፣ ባለፈው ሳምንት የተጎዳውንና የተጎዳበትን ጡንቻ ሳይቀር በስም ይጠራል። አሰልጣኝ የሌለው ቡድን ያለ ይመስል «ጎሉን ያገባው ቡካዮ ሳካ ነው፣ ሌላው አይመለከተንም» የሚል የስፖርት ጋዜጠኛ ግን አላየሁም። ለለንደን ክለብ የተቻለው ለአገር ቤት ዘፈን የሚከብድበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

አቀናባሪ ምን ይሠራል? ይሄን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀኝ አልናደድም። ሥራው አይታይማ።

ድምፃዊው ዜማውን ስልኩ ላይ አንጎራጉሮ በቴሌግራም ይልክልኛል። ከበሮ የለው፣ ቤዝ የለው፣ መሃል ላይ ከፍታው ይለወጣል፣ ከጀርባ ልጅ ያለቅሳል። ቅኝቱ ትዝታ ነው ወይስ ባቲ፣ አምባሰል ነው ወይስ አንቺሆዬ፣ እሱን እለያለሁ። ለጉሮሮው የሚመቸውን ከፍታ እፈልግለታለሁ። ሪትሙ ችክችካ ይሁን ሬጌ ወይስ ሌላ ነገር፣ እንወያያለን፣ አንዳንዴም እንኳረፋለን። መግቢያውን እኔ እፈጥረዋለሁ። ሕዝቡ ዘፈኑን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚለይበት የሳክስ ወይም የኪቦርድ ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ ከድምፃዊው አይመጣም። ከአቀናባሪው ነው የሚመጣው። ሠርግ ላይ መግቢያው ገና ሲሰማ ሰው ከወንበሩ ብድግ ይላል። ግጥሙ እኮ አልተጀመረም!

ከዚያ መሰንቆ ተጫዋቹን እጠራለሁ። እዚህ ላይ ሥራው ይወፍራል። ኪቦርዱ አንዱን ኦክታቭ እኩል አሥራ ሁለት ቦታ ከፍሎ የተቃኘ መሣሪያ ነው። መሰንቆ እንደዚያ አይደለም፤ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በተጫዋቹ ጆሮ ነው የሚወሰነው። በተለይ አንቺሆዬ ላይ ሁለቱ ይጣላሉ። መሰንቆውን በኮምፒውተር ጎትቼ ከኪቦርዱ ጋር ባስማማው ሕይወቱ ይወጣል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ስለዚህ ኪቦርዱን ነው የማስተካክለው። ኖታውን አንድ በአንድ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ እያደረግኩ። ሌሊት ነው የሚሠራው፤ ቀን የጎረቤት ዶሮና የብረታ ብረት ቤት መፍጫ አያስቀርጽም። (ግድግዳችሁ ላይ የእንቁላል ካርቶን የለጠፋችሁ ወዳጆቼ፣ ካርቶኑ የጎረቤት ድምፅ አያቆምም። ነቅላችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ።)

በመጨረሻ ሚክስ አለ። የድምፃዊው ቃል በሚኒባስ ስፒከርም፣ በስልክ ስፒከርም፣ በሠርግ ሞንታርቦም እኩል እንዲሰማ ማድረግ ማለት ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዩፒኤሱ ባትሪ እስከሚያልቅ መሮጥ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለኝ አንድ ጊዜ ነው። ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ ሲያልቅ። «ሲያልቅ» የሚባለው ቀን አንዳንዴ ከዘፈኑ ዕድሜ ይረዝማል። ዘፈኑ ከወጣ በኋላ የዩቲዩቡ ገቢ የቻናሉ ባለቤት ነው፤ የመድረኩ ገቢ የድምፃዊው ነው። ስምምነታችን ይሄ ከሆነ ይሁን፣ ተስማምቼ ነው የሠራሁት። የሬዲዮው ግን ሌላ ነው። በሬዲዮ ጉዳይ የተስማማሁት ነገር የለም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ግርማ በየነን አስቡ። ፒያኖ ተጫዋች፣ አቀናባሪ፣ ገጣሚ ናቸው። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ ከሚያሞግሰው የሸክላ ሙዚቃ ውስጥ ከ60 በላይ ዘፈኖችን ያቀናበሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ራሳቸው ዘፍነው ያስቀረጹት 4 ብቻ ነው። ስልሳውን ዘፈን ያንጎራጎረ ሕዝብ ግርማ የሚባል ሰው መኖሩን በአብዛኛው አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄዱና እዚያው ቀሩ። ዋሽንግተን አካባቢ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠርተዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የሠሩት አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ነዳጅ መቅዳት ነውር አይደለም፤ እኔም ነገ ልቀዳ እችላለሁ። ግን 60 ዘፈን ያቀናበረ ሰው በእነዚያ ዓመታት ዘፈኖቹ በተሰሙ ቁጥር ስሙ የሚጻፍበት አንድ ወረቀት ቢኖር ምን ይቀየር ነበር?

በዚያው ጉዞ ኃይሉ መርጊያም ነበሩ። የእሳቸው ታሪክ ጥያቄዬን በሌላ በኩል ይመልሰዋል። እሳቸውም ዋሽንግተን ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ ፒያኖና ድራም ማሽን ብቻቸውን እየደራረቡ አንድ አልበም ቀረጹ። ራሳቸው ተጫዋች፣ ራሳቸው አቀናባሪ። እኛ ዛሬ በላፕቶፕ የምንሠራውን እሳቸው በቴፕ ሠሩት ማለት ነው። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ጊዜው አለፈ፣ ተረሳ። ኃይሉ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቁ ከመኪናቸው ሻንጣ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚያ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለውን አሳታሚ ያቋቋመው አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ባለቤቱን ፈልጎ ደወለላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 አልበሙ እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጡ።

አሜሪካዊው እንዴት አገኛቸው? ካሴቱ ሽፋን ላይ ስማቸው ነበራ! ሌላ ተአምር የለውም። ያ ሙዚቃ ዛሬ በእኔ ዘመን ልማድ ቢሠራ ምን ይሆን ነበር? ፍላሽ ውስጥ «ክላሲካል 3» የሚል ፋይል። ማን ለማን ይደውል?

እንግዲህ ይሄ ነው የሚገርመኝ። መሣሪያው በረቀቀ ቁጥር ስም አያያዛችን ወደ ኋላ ሄዷል። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ተዳፍረው በግላቸው ማሳተም ሲጀምሩ (ራሱን የቻለ አሳታሚ የሚባለው ነገር በእኛ አገር ከእሳቸው ነው የሚጀምረው ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም) ሸክላው መሃል ባለችው ክብ ወረቀት ላይ ቢያንስ የድምፃዊውና የባንዱ ስም ይታተም ነበር። በካሴት ዘመን ደግሞ ሽፋኑን ገልብጦ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚለውን ማንበብ ወግ ነበር። ኤልያስ መልካን፣ አበጋዝ ክብረወርቅን ሰው በስም ያወቀው ከሽፋን ላይ እያነበበ ነው። ሽፋኑ ሲጠፋ አቀናባሪውም አብሮ ጠፋ። ኤልያስ ካረፈ በኋላ በየጣቢያው ለቀናት ስለሱ ተወራ፤ እሰየው፣ ይገባዋል። በሕይወት ያሉትንስ?

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ አላስረዝመውም፤ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ቅንብርን ራሱን እንደቻለ ሥራ ይጠብቀዋል። ለከዋኞችና ለድምፅ ቅጂ ፕሮዲዩሰሮችም ተዛማጅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 8 ደግሞ የሞራል መብት የሚለውን ያስቀምጣል፤ የሥራው አመንጪ እኔ ነኝ ብሎ የመታወቅ መብት እዚያ ውስጥ ነው። ማሻሻያው የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን ጉዳይ በሕግ አቁሟል፤ ሮያሊቲ (ሥራው በተሰማ ቁጥር ለባለመብቱ የሚገባው ክፍያ) የሚሰበሰበውና የሚከፋፈለው በነሱ በኩል ነው። እንግዲህ አዲስ ሕግ አላመጣሁም። ያለውን ሕግ የሚያሠራው ወረቀት ይሞላ ነው የምለው።

ሮያሊቲ ሁለት ጉዞ አለው። አንደኛው ከጣቢያው ኪስ ወደ ማኅበሩ ነው። ሁለተኛው ከማኅበሩ ወደ ባለመብቱ። ስለ መጀመሪያው ብዙ ስብሰባ ተካሂዷል፣ ብዙ ዜና ተሠርቷል። ሁለተኛው ግን ያለ መዝገብ ፈጽሞ አይሆንም። ምን ተሰማ? ስንቴ? የማን ነው? እነዚህን የማያውቅ ማኅበር ገንዘቡን በግምት ያካፍላል። በግምት ሲካፈል ደግሞ የሚደርሰው ስሙ ለሚታወቀው ነው። በሌላው ዓለም ባለቤቱ ያልተለየ ገንዘብ ተጠራቅሞ በመጨረሻ በገበያ ድርሻ መጠን ለትልልቆቹ የሚከፋፈልበት አሠራር አለ፤ ትንንሾቹ ለዓመታት ሲጮኹበት ኖረዋል። ጎረቤታችን ኬንያም በእነዚህ ማኅበራት ዙሪያ ለዓመታት የዘለቀ ንትርክ አለ። እኛ ገና ስለምንጀምር ከሥሩ ብናስተካክለው ምን አለበት?

«ቴክኖሎጂ ይለየዋል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የድምፅ አሻራ የሚባለውን ማለታቸው ነው። ኮምፒውተሩ ሬዲዮውን ያዳምጥና ይሄ እንትን የተባለው ቅጂ ነው ይላል። ጥሩ ነገር ነው፣ ይምጣ። ግን ኮምፒውተሩ የሚለየው ቅጂውን ነው። ቅጂውን ማን አቀናበረው፣ ቤዙን ማን ተጫወተው የሚለውን አስቀድሞ ሰው ካልመዘገበለት ከየት ያመጣዋል? እያንዳንዱ ቅጂ የሚያዝበት አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለ። ለዜማውና ለግጥሙ ደግሞ በ«ቲ» የሚጀምር ሌላ መለያ፣ አይኤስደብልዩሲ አለ። ሁለቱም ከጀርባቸው የስም ዝርዝር ከሌለ ባዶ ቁጥር ናቸው። ሌላም ችግር አለ። የኔ ዓይነቱ ሥራ ከንግግር ሥር ነው የሚሰማው። ጋዜጠኛው ያወራል፣ ሙዚቃዬ ከሥሩ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ አሻራ ለያዡም መሣሪያ ይምታታበታል። እዚያ ቦታ የሚያድነኝ የፕሮግራሙ አዘጋጅ የሚጽፈው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ይሄን የምለው በባዶ አይደለም። አንድ ፕሮግራም በመሣሪያ የሠራሁትን ቅንብር መግቢያው አድርጎ ሲጠቀምበት የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ደስ አለኝ፤ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው እንኳ «የኔ ነው» ብዬ ነገርኩት፤ አላመነኝም። ኋላ ደውዬ ስጠይቅ «ከኢንተርኔት ነው ያገኘነው» ተባልኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ፋይሉ ከዩቲዩብ ሲወርድ የኔ ስም ከላዩ ተራግፏል፤ እነሱም የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ፊታቸው የለም። ጣቢያውን አልጠራም። ልማዱ የአንድ ጣቢያ አይደለም።

ደግሞ አለላችሁ የድምፅ ሥራ የሚባለው። አንድ ቦታ ሥራዬን ላስመዘግብ ሄጄ ቅጽ ተሰጠኝ። ግጥም፣ ዜማ፣ ድምፃዊ፣ ቅንብር ይላል። የያዝኩት የክረምት ዝናብ፣ የወያላ ጥሪና የሩቅ የቅዳሴ ደወል ተደራርበው የተሠሩበት ረጅም ድምፅ ነው። ግጥም የለው፣ ዜማም የለው፣ የዘፈነ ሰው የለም። የተቀበለችኝ ልጅ ትሁት ነበረች። አዳመጠችው፣ ፈገግ አለች፣ «ታዲያ ሙዚቃው የቱ ጋ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፣ እናቴም ትጠይቀኛለች። ግን ይሄ ሥራ ዛሬ በፊልም፣ በቲያትር፣ በሙዚየም፣ በፖድካስት ውስጥ ይገባል። ሲገባ ሠሪ አለው፣ ቅጂውም ባለቤት አለው። በማንኛውም የምዝገባ ቅጽ ላይ «የድምፅ ሥራ፣ የቀረጸው፣ ያቀነባበረው» የሚል አንድ ሣጥን ቢጨመር ምንም አያስከፍልም።

አዲሶቹ ልጆች እየመጡ ነው፣ ይሄንንም እወቁልኝ። ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የእኛን ባህላዊ ድምፅ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር አዋህደው ሥራቸው ውጭ አገር ባሉ አሳታሚዎች ታትሟል። ውጭ ያሉ አድማጮች በስም ያውቋቸዋል። እዚህ ሬዲዮ ላይ ስንት ሰው ስማቸውን ሰምቷል? እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ልጅ ድምፃዊ የለውም። ድምፃዊ ከሌለ ደግሞ በእኛ ጣቢያ ልማድ የሚጠራ ስም የለም ማለት ነው።

ከጣቢያ ሰዎች ጋር ስንጨዋወት የሚነሳውን መልስ አውቀዋለሁ። ጊዜ የለም ይባላል። የአየር ጊዜ ውድ ነው፣ አዎ። ሁሉንም ስም በአየር ላይ አንብቡ አላልኩም። የአቀናባሪውን አንድ ስም ብቻ ጥሩ፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። የቀረው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ መዝገብ የአየር ጊዜ አይበላም። ቀጥሎ «ስሞቹን ከየት እናግኝ» ይባላል። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው። ግማሹ ጥፋት የእኛ የሙዚቀኞቹ ነው። ሥራ ስንሰጥ ፋይሉን በቴሌግራም ወርወር አድርገን እንጠፋለን። ድምፃዊው አቀናባሪውን አይጽፍም። አቀናባሪው መሰንቆ ተጫዋቹን አይጽፍም። በተለይ ይሄ የመጨረሻው ያናድደኛል። ከጎንደር የመጣ አዝማሪ ለአንድ ሰዓት ተቀርጾ፣ የታክሲ ተከፍሎት ይሸኛል። ድምፁ በሦስት ዘፈን ውስጥ ይቆራረጣል። ከዚያ ሽፋኑ ላይ «መሰንቆ፦ ባህላዊ» ይባላል። ባህላዊ የሚባል ሰው የለም። ስለ ስማችን የምንጮህ ከሆነ ከሥራችን ያለውንም ሰው ስም መጻፍ አለብን፤ ያለዚያ ደብዳቤዬን ቅደዱት።

ዜማው «የሕዝብ» ሲባልም እንደዚሁ ነው። ዜማው የሕዝብ ሊሆን ይችላል። ቅንብሩ ግን ሠሪ አለው፣ የተጫወተውም ሰው አለው።

ስለ ዶላሩ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የማይክሮፎንና የፕለጊን (የሙዚቃ ሶፍትዌር) ዋጋ በብር ስንት እንደገባ የገዛ ያውቀዋል። በሌላ በኩል ከውጭ ገበያ የሚገኘውን ገቢ ለማስገባት ጣጣው ብዙ ነው። ስለዚህ የአገር ውስጡ ሳንቲም ለእኛ እንደ ድሮው ትርፍ አይደለም፤ ኬብል የሚገዛው እሱ ነው።

አሁን ለእያንዳንዳችሁ።

የጋራ አስተዳደር ማኅበሩ፦ የአንድ ሥራ ድርሻ በስንት በስንት እንደተከፋፈለ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ፈርመው የሚያስገቡት ባለ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። ስቱዲዮ ውስጥ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ፣ ዘፈኑ ገና ሳይወጣ የሚፈረም መሆን አለበት። ዘፈን ከታወቀ በኋላ ድርሻ የሚስማማ ሰው የለም፤ ሁሉም «ሐሳቡ የኔ ነበር» ይላል። አባል ያልሆነ ሙዚቀኛም ስሙ ይያዝ። ቢያንስ የሚገባው ምን ያህል እንደተጠራቀመ ሲያውቅ አባል መሆን ያምረዋል።

መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፦ ጣቢያዎች የሙዚቃ መዝገብ እንዲይዙ የማድረጉ አቅም ያለው እናንተ ጋ ነው። ለቅጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ ይኑራቸው፤ አንዱ ጣቢያ በደብተር ሌላው በኤክሴል ከሆነ ማኅበሩ ሲያስታርቅ ይከርማል። ሙዚቃ፣ የፕሮግራም መግቢያ፣ ከንግግር ሥር የሚሄድ ድምፅ፣ ማስታወቂያ፤ ሁሉም በአንድ ቅጽ።

አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፦ የድምፅ ሥራዋን ሣጥን አትርሱብኝ። ደግሞ ሥልጠና ስታዘጋጁ ድምፃውያንን ብቻ አትጥሩ። የሚክስ ባለሙያው፣ ድራመሩ፣ ላፕቶፕ ይዞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ይምጣ። ቅዳሜ ጠዋት አታድርጉት፤ ዓርብ ማታ መድረክ ላይ ነው የምናድረው።

የጣቢያ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊዎች፦ ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም። ሙዚቃዬን ያሰማችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ስም ያልተጻፈበት ፋይል ሲመጣላችሁ «ስም ጨምረህ ላክ» ብላችሁ መልሱት። አምስት ሙዚቀኛ ስትመልሱ ስድስተኛው ተስተካክሎ ይመጣል፤ ራሳችንን እናውቃለን፣ ካልተገፋን አንሠራም።

እኔ በበኩሌ ለራሴ ሥራዎች የምጠቀምበት ባለ አንድ ገጽ የስም ዝርዝር ቅጽ አለኝ። በኤክሴልም በወረቀትም ይሞላል። የሥራው ርዕስ፣ የቅጂው መለያ፣ የሠሪዎቹ ስምና የየድርሻቸው፣ የተቀረጸበት ቦታና ዓመት፤ ከታች ፊርማ። የሚፈልግ ጣቢያ ወይም ማኅበር ካለ በነፃ እሰጣለሁ። ማሻሻል፣ መቁረጥ፣ የራስን አርማ መለጠፍ ይቻላል። የቅጹን ባለቤትነት አልጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር
በግሉ የሚሠራ አቀናባሪና የድምፅ ባለሙያ
አዲስ አበባ